መጀመሪያ ያየው ሰው

እንኳን ደስ አላችሁ ስትባሉ የማንን ስም ትጠራላችሁ?

ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በበርክሌይ አንትሮፖሎጂ የተማሩ የአገራችን ሰው ናቸው። ቡድናቸው ካገኛቸው ቅሪተ አካላት አንዱ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የራስ ቅል ነው። ሙሉ ሊባል ጥቂት ብቻ የቀረው። ዓለም አጨበጨበ።

መጀመሪያ ያየው ግን ማን ነው? አቶ አሊ በሪኖ የሚባሉ የአፋር አርብቶ አደር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚሌ ወረዳ ውስጥ የላይኛውን መንጋጋ መሬት ላይ አዩ። አይተው ዝም አላሉም። ተናገሩ። ዶክተሩም ሰሙ፣ ሄደውም አዩ። ከዚያ ፍለጋው ቀጠለ። የፍየል በጠጥ የሞላበትን አፈር ሳይቀር በወንፊት ነፉ። የቀረውም ተገኘ።

እኔን ደስ የሚለኝ ይህ ነው፦ ዶክተሩ ስለ ግኝቱ ሲያወሩ የአቶ አሊንም ስም አብረው ያነሣሉ። የተማረ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ትምህርቱ ያምርበታል።

ዛሬ ሥራችሁ ከተመሰገነ፣ ቀድሞ ያየላችሁን ሰው በስሙ ጥሩት። አለቃ ፊት ጥሩት። እሱ በሌለበትም ጥሩት።