ከቦምብ ጣይ ሞተር እስከ ባጃጅ፤ የፒያጆ ቤተሰብ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል?

(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)

ዛሬ ስለ ፖለቲካ ላወራችሁ አልመጣሁም። ስለ ባጃጅ ነው የማወራው። ፖለቲካው መንገድ ላይ ካገኘን ግን እሱ ያውቃል።

ሐዋሳ ብትሄዱ፣ ባሕር ዳር ብትሄዱ፣ ድሬዳዋ ብትወርዱ ይህችን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ታገኟታላችሁ። ባጃጅ የሚለው ስም የሕንድ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። የዘር ሐረጓን ወደ ላይ ብትቆጥሩት ግን የምትደርሱት ጣሊያን አገር፣ ፒያጆ ከሚባል ቤተሰብ ደጃፍ ነው። ቆጠራው ላይ ደግሞ የእኛ አገር ስም ይገኛል፤ ያውም በደግ ሳይሆን በክፉ። ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

በ1884 ሪናልዶ ፒያጆ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ጄኖቫ አጠገብ ሴስትሪ ፖኔንቴ ላይ ሥራ ጀመረ። ሥራው የመርከብ የውስጥ ዕቃ ማሰናዳት ነበር። ከመርከብ ወደ ባቡር ፉርጎ ተሻገረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ወደ አውሮፕላን ዞረ። በ1924 ቶስካና ውስጥ ፖንቴዴራ በምትባል ከተማ ሌላ ፋብሪካ ያዘ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የጦር አውሮፕላንና የአውሮፕላን ሞተር አቶ እገሌ ሱቅ ገብቶ የሚገዛው ዕቃ አይደለም። ደንበኛው አንድ ነው፤ እሱም መንግሥት ነው። የጣሊያን መንግሥት ደግሞ ከ1922 ጀምሮ በሙሶሊኒ እጅ ገብቷል። ደንበኛህ አንድ ብቻ ሲሆን ደንበኛህ ጌታህ ነው። ጌታህ ጦርነት ሲያምረው አንተም ጦርነት ታመርታለህ።

ፋሽስት ጣሊያን በ1935 አገራችንን ሲወር በሰማያችን ላይ ከተመላለሱት ቦምብ ጣዮች አንዱ ካፕሮኒ 133 ነበር። ሦስት ሞተር አለው። ሦስቱም የፒያጆ ሞተሮች ናቸው። አያቶቻችን ቀና ብለው ከሰሙት የሞተር ጩኸት አንዱ የዚህ ቤተሰብ እጅ ሥራ ነበር ማለት ነው። የሙሶሊኒ ልጅ ብሩኖም በዚያ ጦርነት አብራሪ ሆኖ አገራችንን ከደበደቡት መካከል ነው። ይኸው ብሩኖ ነሐሴ 1941 ፒዛ ላይ ተከስክሶ ሞተ። የሞተበት አውሮፕላን ፒ 108 የሚባለው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ነው። የማን ሥራ? የፒያጆ። የቀረውን እናንተው ጨርሱት።

ሪናልዶ በ1938 ሲሞት ሥራው ለልጆቹ ለአርማንዶና ለኤንሪኮ ተላለፈ። ፖንቴዴራ የደረሰው ለኤንሪኮ ነው። በዚህ ሰው ላይ የደረሰውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ልናውቀው ይገባናልና።

መስከረም 25 ቀን 1943 ኤንሪኮ ፒያጆ ፍሎረንስ ከተማ ኤክሴልሲዮር ሆቴል ውስጥ ነበር። ራዲዮ ተከፍቷል። የሚናገረው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። አዎ፣ የራሳችሁ ግራዚያኒ፤ የየካቲት 12ቱ፣ የደብረ ሊባኖሱ። ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ጀርመኖች መልሰው ሰሜን ጣሊያን ላይ ሲያስቀምጡት የመከላከያ ሚኒስትሩ ያደረገው እሱን ነበር። ንግግሩ ሲተላለፍ ኤንሪኮ ከወንበሩ አልተነሣም። አንድ የፋሽስት መኮንን ለምን ለግራዚያኒ ንግግር አልቆምክም ብሎ ተኮሰበት። ሆስፒታል ተወስዶ አንድ ኩላሊቱ ወጥቶ ነው የተረፈው።

ኤንሪኮን ጀግና ላደርግላችሁ አልፈልግም። ለዚያው ሥርዓት ቦምብ ጣይ ሲሸጥ የኖረ ቤት ልጅ ነው። ግን ነገሩን እዩት። ሥርዓቱን ለዓመታት አገለገልክ፣ ሞተር ሰጠህ፣ አውሮፕላን ሰጠህ። አንድ ቀን ከወንበር ባለመነሣትህ ጥይት ትከፈላለህ። አምባገነን የትናንት ውለታ አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ዛሬ ማን እንደተነሣና ማን እንደተቀመጠ ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን የቦምብ ጣዩ ፋብሪካ ራሱ በቦምብ ፈረሰ። የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ፖንቴዴራን ደበደቧት። ጦርነቱ ሲያበቃ ኤንሪኮ ፊት ለፊቱ የነበረው ፍርስራሽ፣ ሥራ የፈታ ሠራተኛና የጠፋ ደንበኛ ነው። የተሸነፈች አገር ቦምብ ጣይ አታዝም።

ታዲያ ምን ይሥራ? ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ደንበኛ ፈለገ። ደንበኛውም መንገዱ የፈረሰበት፣ መኪና መግዛት የማይችል፣ ግን ሥራ ቦታው መድረስ ያለበት ተራ ሰው ሆነ።

በጦርነቱ ጊዜ ማሽኖች ወደ ሰሜን ወደ ቢዬላ ተዛውረው ስለነበር የመጀመሪያው ሙከራ እዚያ ተሠራ። ሠራተኞቹ በካርቱኑ ዳክዬ ስም ‹‹ፓፔሪኖ›› አሉት። ኤንሪኮ አልወደደውም። ሥራውን ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠ። ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፤ በ1930 የሠራው ሄሊኮፕተር 18 ሜትር ከፍታ ደርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። የሚገርመው ሰውየው ሞተር ሳይክል የሚባል ነገር አይወድም። ያቆሽሻል፣ አይመችም፣ ጎማው ሲተነፍስ መፍታቱ ፈተና ነው ይል ነበር።

የሚጠላውን ነገር ሁሉ ከላዩ ላይ አወጣለት። ሰንሰለት ያቆሽሻል? ሞተሩን ከኋላ ጎማ አጠገብ አድርጎ ሰንሰለቱን አስቀረው። እግር ማንሣት ለባለ ቀሚስና ለቄስ አይመችም? መሐሉን ባዶ አድርጎ እግር መዘርጊያ አበጀለት። ጭቃ ይረጫል? ፊቱን በቆርቆሮ ጋረደው። ጎማ መፍታት ያስቸግራል? የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ ያዘው። ማርሹን መሪው ላይ አመጣው። የቦምብ ጣይ እውቀት ለጭቃ መንገድ ዋለ ማለት ነው።

ኤንሪኮ ወገቧ ቀጠን፣ ኋላዋ ሞላ ያለችውን መሣሪያ ሲያይ ‹‹ተርብ ትመስላለች›› አለ ይባላል። ተርብ በጣሊያንኛ ቬስፓ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1946 የፈጠራ ባለቤትነቷ ተመዘገበ። ሞተሯ 98 ሲሲ፣ ዋጋዋ 55,000 ሊሬ፣ ደህናዋ 61,000 ሊሬ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 2,484፣ በሁለተኛው 10,535 ተሠሩ። በ1956 አንድ ሚሊዮን ሞላች። የጣሊያን መንግሥት ለፒያጆ ከዚህ ግማሹን ያህል እንኳ አውሮፕላን አዞ አያውቅም!

በ1948 ደግሞ ለቬስፓ እህት መጣችላት። ባለ ሦስት ጎማ ናት፤ ዕቃ ትጭናለች። ስሟ አፔ ነው፤ ንብ ማለት ነው። ተርብ ሰው ትሸከማለች፣ ንብ ጭነት ትሸከማለች። አናጢው፣ አትክልት ነጋዴው፣ ወተት አመላላሹ በእሷ ዳቦውን በላ።

ንቧ ሕንድ የገባችው በሌላ ቤተሰብ በኩል ነው። የባጃጅ ቤት በ1959 ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ለመሥራት ፈቃድ አግኝቶ በፒያጆ ንድፍ ማምረት ጀመረ። በ1971 ከፒያጆ ጋር የነበረው ውል አበቃ፤ የኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት እንዲታደስ አልፈቀደም። ባጃጅ ግን ሥራውን ተምሮ ነበርና በራሱ ስም ቀጠለ። ያ ትምህርት ነው ዞሮ ዞሮ የእኛ ከተሞች ደጃፍ የደረሰው። የካፕሮኒውን ሞተር የሠራ ቤት የልጅ ልጁን ታክሲ አድርጎ ላከልን። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ቤተሰቡስ ምን ሆነ? ኤንሪኮ በ1965 ሞተ። ወራሽነቱ በጋብቻ ወደ ፊያት ባለቤቶች ወደ አኜሊዎች አለፈ፤ ኡምቤርቶ አኜሊ የቤቱን ልጅ አንቶኔላ ቤኪ ፒያጆን አግብቶ ነበር። ልጃቸው ጆቫኒ አልቤርቶ በ1988 የኩባንያው ሊቀ መንበር ሆነ፤ ፊያትንም ይረከባል ሲባል ታኅሣሥ 1997 በ33 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። በ1999 ኩባንያው ለኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጠ። በ2003 ሮቤርቶ ኮላኒኖ የሚባል ነጋዴ ያዘው፤ በ2004 አፕሪሊያንና ሞቶ ጉዚን ጨመረበት፤ በ2006 አክሲዮኑ ለገበያ ቀረበ። ኮላኒኖ በ2023 ሲሞት ኃላፊነቱን ልጆቹ ማቴዮና ሚኬሌ ተረከቡ። ስም ተለወጠ፣ ቤተሰብ ተለወጠ፣ ቬስፓ ግን አለች። ለምን? ደንበኛዋ አንድ ስላልሆነ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ መንገድ ላይ ያገኘን ፖለቲካ እንግዲህ ይህ ነው። የእኛን ባለ ሀብት ደንበኛህ ማነው ብላችሁ ጠይቁት። ብዙው ከጨረታ ጨረታ፣ ከቢሮ ቢሮ የሚሮጥ ነው። ባለ ሥልጣን ሲናገር አጨብጭቦ ይነሣል፤ ሲቀመጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጉልበቱን አሞት መነሣት ቢያቅተውስ? ውለታው እስከ የት ይዘልቅለታል? የኤንሪኮ ኩላሊት መልሱን ታውቃለች።

በሌላ በኩል ደግሞ የባጃጁ ሾፌር አለ። እሱ ጨረታ አያውቅም። ደንበኛው ዘንቢል የያዘችው እናት፣ ትምህርት ቤት የረፈደበት ልጅ፣ አስፋልት ካልደረሰበት ሰፈር የሚወጣው ሕመምተኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ባጃጆች ላይ እገዳ ሲጥል በዚያ ሰሞን ያየነውን አንረሳም። በአንድ ትእዛዝ የስንት ቤት ምድጃ ጠፋ! ሥርዓት ያስፈልጋል? ያስፈልጋል። ታርጋም፣ ታፔላም፣ ፈቃድም ይኑር። ግን ሥርዓት ማስያዝና ዳቦ መንጠቅ ለየቅል ናቸው። አገር የሚነሣው ከፍርስራሽ ላይ ለተራ ሰው መንገድ ሲከፈትለት ነው፤ ፖንቴዴራ የቆመችው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። በ2012 ሮም አጠገብ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት። ለእሱ ያልቆመውና በጥይት የተመታው ፋብሪካ ባለቤት ግን መታሰቢያው ድንጋይ አይደለም። በየከተማችን በሦስት እግሯ እየሮጠች የደከመውን ሰው ቤቱ ታደርሳለች። ከሁለቱ የትኛው መታሰቢያ እንደሚሻል ለእናንተ ልተወው።