በሙያ ተመርጦ ከሙያ መራቅ፦ ከናይጄሪያ ወደ ካናዳ



የዛሬው ንግግሬ አገሩን ናይጄሪያን ለቆ በካናዳ አዲስ ኑሮ ስለሚጀምረው ሰው ነው። ለኢትዮጵያውያን ታዳሚዎች ስለ ናይጄሪያውያን መናገር የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ካናዳ በ2021 ባካሄደችው የሕዝብ ቆጠራ፣ ከ2016 ወዲህ ከገቡት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ አዲስ ነዋሪዎች መካከል ናይጄሪያውያን ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከቻይናና ከሶሪያ ተወላጆች ቀጥለው አምስተኛ ናቸው፤ ከአፍሪካ ደግሞ ቀዳሚዎቹ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ላስታውቅ።) በትምህርቱና በሙያው ተወዳድሮ ወደዚያ አገር መግባት የሚያስብ አፍሪካዊ ሁሉ የሚሄድበትን መንገድ በብዛት የረገጡት እነሱ ናቸው። እኔም በካናዳ አዲስ ገቢዎችን በሚያስተናግድ ቢሮ ስሠራ ከጠረጴዛዬ ማዶ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ከሌጎስ፣ ከኢባዳን፣ ከቤኒን ሲቲ የመጡ ነበሩ። ከእነሱ የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር፦ ካናዳ እነዚህን ሰዎች በሙያቸው መርጣ ታስገባለች፤ ከገቡ በኋላ ያንኑ ሙያቸውን ትነፍጋቸዋለች። ይህ በደል ነው፤ ሊታረምም ይችላል።

ለመሆኑ የሚሄደው ማን ነው? ሥራ ያጣው ይመስለን ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ሥራ ያለው ነው፤ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ መሐንዲስ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ናይጄሪያውያን «ጃፓ» የሚሉት ይህ ፍልሰት የበረታው የደመወዝተኛው ኑሮ ስለተናጋ ነው። በ2022 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሥራ ማቆም አድማ ስምንት ወር ቆየ፤ ተማሪው ቤቱ ተቀመጠ። በሜይ 29፣ 2023 ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት የነዳጅ ድጎማ መቅረቱን አስታወቁ። በቀጣዩ ወር አጋማሽ ናይራ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 460 ናይራ ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው 1,500 አለፈ። በ2024 የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ሆነ። ልጆቹን በግል ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ የሒሳብ ሹም ከእጅ ወደ አፍ ኑሮ ገባ።

የምንዛሪው ለውጥ ለመንገደኛው ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሰነድ ላሳያችሁ። ኤክስፕረስ ኤንትሪ በሚባለው ሥርዓት ከውጭ ሆኖ በሙያው የሚያመለክት፣ ካናዳ ውስጥ ቅጥር የማይጠብቀው ሰው፣ ሲደርስ ራሱን የሚያቋቁምበት ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት። በ2024 አጋማሽ ለብቻው ለሚሄድ ሰው የተቀመጠው መጠን 14,690 የካናዳ ዶላር ነበር፤ ቤተሰብ ካለ ይጨምራል። ይህ ወደ 10,800 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። በ460 ሒሳብ 5 ሚሊዮን ናይራ ያህል ነው፤ በ1,500 ሒሳብ ከ16 ሚሊዮን ያልፋል። «በ460 ዶላር ያገኘ ማን ነበር?» ብትሉ እውነታችሁን ነው፤ ከባንክ ማግኘት ጭንቅ ነበር። በጥቁር ገበያው ዋጋ ብናሰላው እንኳ ግን ሸክሙ እጥፍ ሆኗል፤ ደመወዙ በዚያው ልክ አላደገም።

ገንዘቡ በብድር የተገኘ መሆን የለበትም። ባንኩ የስድስት ወር አማካይ ተቀማጩን ጽፎ ይሰጣል፤ ድንገት ዳጎስ ያለ ገንዘብ ከገባ ምንጩ ይጠየቃል። መኪና የሸጠ ውሉን ያቀርባል፤ መሬት የሸጠም እንዲሁ። ዮሩባዎች ኤሱሱ ወይም አጆ የሚሉት ቁጠባ አላቸው፤ የእኛው ዕቁብ ነው። ተራው ደርሶት ገንዘቡን የወሰደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ለኢሚግሬሽን መኮንኑ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ጎረቤት ከጎረቤት ተማምኖ የሰበሰበው ጥሪት ፋይሉ ላይ አጠራጣሪ ገቢ ሆኖ ይቀመጣል። እኛም ብራችን በጁላይ 2024 በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ይህን ሒሳብ ስለምናውቀው ከዚህ በላይ አላብራራም።

ከገንዘቡ ሌላ ነጥቡ አለ። ካናዳ ስደተኛን በነጥብ መምረጥ የጀመረችው በ1967 ነው፤ የዛሬው ኤክስፕረስ ኤንትሪ በ2015 ተጀምሮ አመልካቾችን ከ1,200 ነጥብ ያወዳድራል። የትዳር ጓደኛ ለሌለው ሰው ከ20 እስከ 29 ያለው ዕድሜ 110 ነጥብ ያስገኛል፤ ከ30 ጀምሮ በየልደቱ ይቀንሳል፤ 40 ላይ 50 ብቻ ይቀራል፤ 45 ላይ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በየቢሮው ደጅ የሚባክን ጊዜ ነጥብ ይበላል። የትምህርት ማስረጃ የሚገመግመው ድርጅት ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክለት ይፈልጋል፤ ተመራቂው በእጁ የያዘውን አይቀበልም። ሰውየው ወደ ተማረበት ግቢ ተመልሶ ሬጅስትራሩን ደጅ ይጠናል፤ ዛሬ ኃላፊው የለም፣ ነገ ኔትዎርክ የለም ይባላል፤ ወረቀቱ ሳይወጣ ልደቱ ያልፋል።

የእንግሊዝኛ ፈተናውም ብዙ አነጋግሯል። ናይጄሪያ የመንግሥት ሥራ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙው ተማሪ ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ ዲግሪ በእንግሊዝኛ ይማራል። ሆኖም አይልትስ ወይም መሰል ፈተና ይቀመጣል፤ ውጤቱም ሁለት ዓመት ብቻ ያገለግላል። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚህ ሥርዓት የሚያመለክት እንግሊዛዊም ይፈተናል፤ ደንቡ አያዳላም። ክፍያው ግን ለሌጎስ አስተማሪና ለለንደን አስተማሪ እኩል አይከብድም። ይህን እኩልነት ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

እንግዲህ ሁሉ ተሟልቶ ቪዛው ወጣ እንበል። አንዱ በፍራንክፈርት፣ ሌላው በአምስተርዳም፣ ሌላው በእኛው አየር መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ቶሮንቶ ይገባል። ስለ ብርዱ የምለው ብዙ የለኝም፤ በዊኒፔግ ክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ብርቅ አይደለም፤ ጥሩ ካፖርትና ቦት ጫማ ግን መፍትሔው ነው። ቤት መከራየቱ ይብሳል። በሌጎስ አከራይ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይቀበላል፤ ገንዘብ ያለው ሰው ቤት አገኘ ማለት ነው። በኦንታሪዮ ሕጉ አከራዩ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መያዣ እንዳይጠይቅ ይከለክለዋል፤ አከራዩ በምትኩ የደመወዝ ማስረጃና የብድር ታሪክ ይጠይቃል። ትናንት የገባ ሰው ሁለቱም የሉትም። ያን ሁሉ መከራ አይቶ ያጠራቀመው ገንዘብ በባንክ ተቀምጦ ሳለ የዘመድ ሶፋ ላይ ያድራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከኢባዳን የመጣች አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አስታውሳለሁ። ዶሴዋን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥ ከሁሉ በላይ የነበረው በፕላስቲክ የተለበጠ የብሔራዊ ወጣቶች አገልግሎት ምስክር ወረቀት ነበር። ይህ አገልግሎት በ1973 የተቋቋመ ነው፤ ምሩቁ አንድ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ከተወለደበት ክልል ርቆ ያገለግላል። በአገሯ ያለዚያ ወረቀት ደህና ቅጥር ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ከዲግሪዋ በላይ አስቀድማዋለች። ካናዳ ውስጥ ማንም እንደማይጠይቃት ስነግራት ወረቀቱን በእጇ ዳበስ አድርጋ ወደ ዶሴው መጨረሻ አዛወረችው። ቀጥሎ የባንክ ቅርንጫፎችን ኦዲት እንደመራች የሚገልጹ የሥራ ልምድ ማስረጃዎች ነበሩ። ለቅጥር ስትጠየቅ ቀጣሪዎች ልምዷን እያመሰገኑ «የካናዳ የሥራ ልምድ አለሽ ወይ?» ይሏት ነበር። ያንን ልምድ ለማግኘት መቀጠር፣ ለመቀጠር ደግሞ ያንን ልምድ መያዝ ነበረባት። በመጨረሻ ማታ ማታ በመጋዘን ካርቶን እያሸገች ቀን የሒሳብ ኮርስ ጀመረች። የመጋዘን ሥራ ክቡር ነው፤ ካናዳ ግን የመረጠቻት ለካርቶን አልነበረም። ነጥብ የሰጠቻት ለዲግሪዋና ለኦዲት ልምዷ ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? ስደተኛውን በኤክስፕረስ ኤንትሪ የሚመርጠው ፌደራል መንግሥቱ ነው። የሙያ ፈቃድ የሚሰጡት ግን በየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተቋቋሙ የሙያ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ሐኪሙ የካናዳ የሕክምና ምክር ቤትን ፈተና አልፎም ቦታው ውስን ለሆነው የሬዚደንሲ ሥልጠና ይወዳደራል፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ይቀራሉ። ነርሷ ሰነዷ ተመዝኖ፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ወስዳ፣ «ኮሌጅ» በሚባለው የክፍለ ግዛቱ የነርሶች ተቆጣጣሪ ትመዘገባለች። አንዱ መሥሪያ ቤት «ና» ሲል ሌላው «ቆይ» ይላል፤ በመካከል የሰው ዕድሜ ይሄዳል።

መሻሻል የለም አልልም። የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በ2013 የካናዳ ልምድን መጠየቅ በመርህ ደረጃ አድልዎ መሆኑን በፖሊሲው አስቀመጠ። የክፍለ ግዛቱ የመሐንዲሶች ተቆጣጣሪ መሥፈርቱን በ2023 አነሳ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮም በኦንታሪዮ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የካናዳ ልምድ ግዴታ ነው ብሎ የሥራ ማስታወቂያ እንዳያወጣ በሕግ ተከልክሏል። ከ2013 እስከ 2026 ያለውን ዘመን ግን ቁጠሩት፤ በዚያ መካከል የገባው ሰው ወጣትነቱን የሚመልስለት የለም። ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ነገር በቀጣሪው ልብ ሊቀር እንደሚችልም አውቃለሁ።

በናይጄሪያ በኩልስ? የጤና ሚኒስትሩ ሙሐመድ አሊ ፓቴ በ2025 እንደተናገሩት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከ16,000 በላይ ሐኪሞች አገሪቱን ለቀዋል፤ አንዱን ሐኪም ለማስተማር ከ21,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ይወጣል። በ2023 ለፓርላማው የቀረበ አንድ ረቂቅ ሐኪሞች አምስት ዓመት አገር ውስጥ ካልሠሩ ሙሉ ፈቃድ እንዳያገኙ የሚያደርግ ነበር፤ ሐኪሞቹ አጥብቀው ተቃወሙት። ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እዚያው አቡጃ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ ከመቶ 15ቱን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ ናይጄሪያ ራሷ ከዚያ መጠን ርቃ ኖራለች። መድኃኒትና መብራት ለሌለው ሆስፒታል ሐኪሙን በሕግ ማሰር በሽተኛውን አያድንም። እንደዚሁም ካልገሪ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ የሆነ ሐኪም ለካኖ በሽተኛም ለካልገሪ በሽተኛም አይደርስም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አንዱ አገር አጣ፣ ሌላው አገር አላገኘም።

ሰዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሪዲምድ የተባለችው የናይጄሪያ ቤተ ክርስቲያን በካናዳ በየከተማው ደብሮች ከፍታለች፤ አዲስ ገቢው ከአምልኮ በኋላ ስለ ሥራና ስለ ቤት ወሬ የሚያገኘው እዚያ ነው። ዊኒፔግ ውስጥ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለዱት ኡዞማ አሳግዋራ፣ የሥነ አእምሮ ነርስ የነበሩ፣ በ2023 የማኒቶባ ክፍለ ግዛት ምክትል ፕሪሚየርና የጤና ሚኒስትር ሆነዋል። የልጅ መሳካት ግን የወላጅን የባከነ ሙያ አይተካም፤ «ለልጆቻችን ስንል ነው» የሚለውን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ እከፋለሁ። እናትየዋም እኮ የራሷ ሕይወት አላት።

በሩም እየጠበበ ነው። በኦክቶበር 2024 የካናዳ መንግሥት ለ2025 ያቀደውን 500,000 ቋሚ ነዋሪ ወደ 395,000 ዝቅ አደረገ። በማርች 2025 የሥራ ቅጥር ለያዘ ሰው ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ ነጥብ ተነሳ። ፈረንሳይኛ ለሚችሉ የሚደረገው ምርጫ ግን ዝቅ ባለ ነጥብ ይቀበላል፤ ስለዚህ ዛሬ የሌጎስ ነርስ ከሥራ መልስ ፈረንሳይኛ ትማራለች። ይህን ጥረት አደንቃለሁ። ቢሆንም በአዲሱ ቋንቋ ነጥብ አግኝታ ብትገባ፣ ነርስነቷ ፈቃድ እስኪያገኝ ያው ወረፋ ይጠብቃታል።

ለካናዳ ባለሥልጣናት በተገኘው መድረክ ሁሉ የምለውን እዚህም እላለሁ፤ አመልካቹ የመግቢያ ግብዣ በደረሰው ዕለት የሙያ ፈቃድ ፋይሉም አብሮ ይከፈት። ሰውየው ለሕክምና ምርመራና ለፖሊስ ማስረጃ ወራት የሚጠብቅ ከሆነ፣ በዚያው ጊዜ ዲግሪውም ይመዘን። ለናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ ለእኛዎቹም፣ ትራንስክሪፕት የተመራቂው መብት እንጂ የሬጅስትራሩ ችሮታ አለመሆኑን አስታውሳለሁ።

ከእናንተ መካከል ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ግብዣው እስኪመጣ አትጠብቁ። ሐኪሞች የካናዳ የሕክምና ምክር ቤትን የመጀመሪያ ፈተና ካናዳ ሳትገቡ መውሰድ ትችላላችሁ። ነርሶች የሰነድ ምዘናችሁን ካላችሁበት ሆናችሁ ጀምሩ፤ የተማራችሁበት ትምህርት ቤትና የሠራችሁበት ሆስፒታል በቀጥታ የሚልኳቸው ወረቀቶች ስላሉ፣ የሚያውቋችሁ ኃላፊዎች ከወንበራቸው ሳይነሱ አስፈርሙ። ስለየሙያችሁ ለምትጠይቁኝ ጊዜ አስቀርቻለሁ።