መብራቱ ሲበራ ማንን እንጠይቅ?

(ለሙያ ማሠልጠኛ መምህራንና ለከባድ ማሽነሪ መካኒክ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ማስተማር ዘዴ ነበር። ዘዴው ብቻውን፣ የሚያስተምሩት ነገር ከሌለ፣ ወጥ የሌለበት ድስት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሥራው ልግባ። ጉዳዩ በዶዘር፣ በሎደር (እዚህ ሻፌል የምንለው) እና በኤክስካቫተር (ባገር) ሞተር ላይ ያሉት ሴንሰሮች፣ ማለት ኻይሻኒም፣ ብልሽት አለ ሲሉ ምን እናድርግ የሚለው ነው።

እንደምታውቁት የቀድሞውን የናፍጣ ሞተር መካኒኩ በጆሮውና በእጁ ያውቀው ነበር። የአሜሪካ የጭስ ደንብ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ደረጃ በደረጃ እየጠበቀ ሲመጣ፣ አውሮፓም ከ1999 ጀምሮ ስትከተል፣ ፋብሪካዎቹ ሞተሩን በኮምፒዩተር ማዘዝ ያዙ። ኮምፒዩተሩ ግን ዓይን የለውም። የዘይቱን ግፊት፣ የውሃውን ሙቀት፣ ቱርቦው የሚያስገባውን አየር፣ የነዳጁን ግፊት የሚነግሩት ሴንሰሮች ናቸው። ሴንሰሩ ከዋሸ ኮምፒዩተሩ ውሸቱን አምኖ ጉልበት ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ሞተሩን ያጠፋዋል።

በየሙሳኹ የማየው ልማድ ይህ ነው፤ ኮዱ ይነበባል፣ «የዘይት ግፊት ሴንሰር» ይላል፣ ሴንሰሩ ይለወጣል። ይህ ምርመራ ሳይሆን ግዢ ነው። ኮዱ የዕቃ ስም አይጠራም፤ የሚናገረው ስለ መሥመሩ ነው። በመሥመሩ ላይ ደግሞ ሴንሰሩ አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ኮምፒዩተሩ አለ፣ ራሱ ሞተሩም አለ።

ብዙዎቹ ማሽኖች በሚጠቀሙበት ጄ1939 በሚባለው ሥርዓት ኮዱ ሁለት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ስለ ምን እንደሆነ ይነግራል፤ 100 የዘይት ግፊት፣ 102 የቱርቦ አየር ግፊት፣ 110 የውሃ ሙቀት ነው። (ካተርፒላር በቆዩ ማሽኖቹ ለመጀመሪያው ቁጥር የራሱ ዝርዝር አለው።) ሁለተኛው ቁጥር ብልሽቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግራል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። 3 ማለት ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል፣ 4 ማለት ከመጠን በታች ወርዷል ነው፤ ሁለቱም የኤሌክትሪክ ጉዳይ ናቸው። 1 ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። «የሚደርሰኝ መረጃ ትክክል ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን በአደገኛ ሁኔታ ዝቅ ያለ ነው» ማለት ነው።

ስለዚህ 100 ከ4 ጋር ሲመጣ ቴስተር ያዙ። 100 ከ1 ጋር ሲመጣ ሞተሩን አጥፉ! የዘይቱን መጠን እዩ፤ ቀጥሎ የእጅ ጌጅ አስራችሁ እውነተኛውን ግፊት ለኩ። እዚህ ላይ ሴንሰር ለውጦ ማሽኑን ወደ ሥራ መመለስ፣ ሌባ አይቶ የጮኸን ውሻ በሌላ ውሻ እንደ መለወጥ ነው። ሞተር ያህል ነገር የሚቃጠለው እንዲህ ባለው ችኮላ ነው።

አሁን ወደ መለካቱ። የግፊት ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፤ 5 ቮልት የሚያመጣው፣ ኔጌቲቩ፣ እና መልሱን የሚወስደው። መልሱ እንደ ወትሮው ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ ውጭ ከሆነ የግፊት ነገር መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው። የሙቀት ሴንሰር ሁለት ሽቦ ያለው ሲሆን ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። በእሱ ላይ ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና አለ፦ ኮዱ 4 ከሆነ ሶኬቱን ንቀሉ። ኮዱ ወደ 3 ከተለወጠ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ደኅና ናቸው፣ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። 4 ሆኖ ከቀረ ሴንሰሩን ተዉት፣ ሽቦውን ፈልጉ። ኮዱ 3 ከሆነ ደግሞ በሶኬቱ ላይ ሁለቱን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፤ ወደ 4 መዞር አለበት። ይህን በሁለት ሽቦው ላይ ብቻ! ሦስት ሽቦ ባለው ላይ 5 ቮልቱን ከኔጌቲቩ ጋር ያገናኘ ሰው ሌላ ብልሽት ይጨምራል።

ጠዋት ማሽኑ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሞተር ውሃው፣ ዘይቱ፣ የሚገባው አየር ሙቀታቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ በ30 ዲግሪ ከተለየ የሚዋሸውን አገኛችሁት። ፍጹም ግፊትን የሚለካው የቱርቦ ሴንሰርም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአካባቢውን አየር ነው ማሳየት ያለበት፤ በባሕሩ ዳር 100 ኪሎ ፓስካል ያህል፣ በሙት ባሕር ዳርቻ ከ105 በላይ። ጎንደር ላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ 80 እንኳ አይሞላም። በተማሪ ፊት ይህን ስናገር አባቶቻቸው ተራራ ሲወጡ ትንፋሽ ያጠራቸው የነበረውን ይጠቅሱልኛል፤ ያው አየር ነው።

አንድ ሠልጣኛችን በሚሠራበት ሙሳኽ አንድ ሻፌል በአንድ ቀን የዘይት፣ የቱርቦና የነዳጅ ግፊት ኮድ አወጣ። ሦስቱንም ሴንሰር ገዝተው ለወጡ፤ ኮዶቹ ተመለሱ። ሦስት ሴንሰር በአንድ ሌሊት አይሞትም፤ የሚጋሩት ነገር ይኖራል። ልጁ የጋራውን 5 ቮልት ቢለካ 0.8 አገኘ። ሴንሰሮቹን ሁሉ ነቅሎ ቢለካም ያው 0.8። ስለዚህ ሽቦውን ተከትሎ ሄደና በንዝረት ከብረት ጋር ተፋትጎ የተላጠበትን ቦታ አገኘ፣ ጠግኖ ከብረቱ አርቆ አሰረው። በካርቲስ ዓቮዳው ላይ የተጻፈው ግን «ሦስት ሴንሰር ተለወጠ» የሚል ነበር። ልጁ አስረድቶ ነበር፤ ዕብራይስጡ ሲሰበር የሰማው የለም።

እኔን ያሳሰበኝ እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን ዕቃ ፈቺና ዕቃ አጣቢ ሆነው እንዲቀሩ የሚያደርገው የእጅ ድክመት አይደለም። የለኩትን በጽሑፍ ስለማያስቀምጡ ነው፣ እኛም ስላላስተማርናቸው። 0.8 በዕብራይስጥም በአማርኛም 0.8 ነው፤ አክሰንት የለውም። ያ ልጅ አሁን በእያንዳንዱ ካርቲስ ላይ ኮዱን፣ ከጥገና በፊት የለካውንና በኋላ የለካውን ይጽፋል። የምርመራው ላፕቶፕ እስካሁን ከቢሮ አልወጣለትም። ሆኖም ባለፈው ወር ሥራ መሪው አንድ ሴንሰር ከማዘዙ በፊት «ለክተኸዋል?» ብሎ ጠይቆታል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ከሚቀጥለው ትምህርት ጀምሮ ጤነኛ ማሽን ላይ አንድ ብልሽት ደብቃችሁ አስቀምጡ፦ የተላላ ሶኬት፣ የተቆረጠ ሽቦ። ሠልጣኙ መለዋወጫ እንዲጠይቅ የሚፈቀድለት ሦስት ልኬት ጽፎ ካቀረበ ብቻ ይሁን። ፈጥኖ ለጨረሰ ሳይሆን በጽሑፍ ላሳየ ማርክ ስጡ።

በሉ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ባገር ቆሞ ይጠብቀናል። ከመካከላችሁ አንዱ ቁልፉን ይክፈት፤ ሞተሩን ግን እንዳያስነሣ።