«ሰነፈ» ከመባሉ በፊት፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ ባለባቸው ወጣቶች የአእምሮ ተግባርንና ድካምን ስለ መመርመር

(ለማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አባባሉ ተጠያቂ የሚያደርገው በሽተኛውን ነው። ይሁን እንጂ በሽተኛው ሳይደብቀው ራሱን የሚደብቅ በሽታም አለ። መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለበት ተማሪ ቀጥ ብሎ እየተራመደና ከጓደኞቹ ጋር እየሣቀ፣ በክፍል ውስጥ ግን የመምህሩን ቃል ተከታትሎ መጻፍ የሚያቅተው ጊዜ አለ። መምህሩ «ሰነፈ» ይላል፤ ወላጅ «ጉርምስና ነው» ይላል፤ ሐኪሙም ዓይኑንና እግሩን መርምሮ «ደኅና ነህ» ብሎ ያሰናብተዋል። ሦስቱም የፈረዱት ሳይለኩ ነው።

እንደሚታወቀው፣ በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አካሉ ላይ ተነሥቶ፣ በአንጎል፣ በኅብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ውስጥ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ማየሊን የተባለ ልባስ፣ ውሎ አድሮም ክሮቹን ራሳቸውን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1868 ሕመሙን በፓሪስ ለይቶ ያስረዳው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ የበሽተኞቹ ትውስታ እንደሚደክምና ሐሳባቸው እንደሚዘገይ አስተውሎ ነበር። ከእርሱ በኋላ ግን የሕክምናው ዓይን ለብዙ ዘመን ያተኮረው በእንቅስቃሴ ላይ ነው። ጆን ከርትዝኪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት የጉዳት መለኪያ እንኳ በአመዛኙ የሚመዝነው የመራመድን ችሎታ ነው።

ከ100 በሽተኞች መካከል ከ3 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ሕመሙ የሚጀምረው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ ከጉርምስና በኋላም ከወንዶች ይልቅ በኮረዶች ላይ ይበዛል። ከእነዚህ ወጣቶች ወደ ሲሶ በሚጠጉት ላይ የአእምሮ ተግባር ጉድለት ይታያል። ይልቁንም የሚጎዱት የማሰብ ፍጥነት፣ ትኩረትና ትውስታ ናቸው። በዚህ ዕድሜ አንጎል ገና በግንባታ ላይ ነው፤ ማየሊን የመልበሱም ሥራ እስከ ሃያዎቹ ዓመታት ይቀጥላል። ስለዚህ አዋቂው ያከማቸውን ሲያጣ፣ ጎረምሳው ገና ሊያከማች የሚገባውን ያጣል።

ጉዳቱን ለማጣራት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አሮን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ፈተና ዘጠኝ ምልክቶችን ከ1 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮች ጋር ያጣምራል። ተፈታኙ ከገጹ አናት ያለውን መክፈቻ እያየ፣ ለእያንዳንዱ ምልክት ተገቢውን ቁጥር በ90 ሴኮንድ ውስጥ የቻለውን ያህል ይሰጣል። መልሱን በቃል መስጠት ስለሚቻል የእጅ መንቀጥቀጥ ውጤቱን አያዛባም። ለድካም ደግሞ ጄምስ ቫርኒ ያዘጋጀው 18 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ አጠቃላይ ድካምን፣ የእንቅልፍና የዕረፍት ድካምን፣ የአእምሮ ድካምን ለየብቻ ይጠይቃል። ወጣቱም ወላጁም ለየራሳቸው ይሞሉታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የወጣው የባለሙያዎች ምክር፣ ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ በሽተኞች ሁሉ ሕመሙ በረጋበት ጊዜ በመጀመሪያ፣ ከዚያም በየዓመቱ በዚያው መሣሪያ እንዲፈተኑ ያሳስባል። የመጀመሪያው ውጤት ዋጋው ብዙ ነው፤ ወጣቱ ከሌሎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከትናንቱ ከራሱ ጋር ይመዘንበታልና።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ አድርጎ መተው ግን አይበቃም። ድካሙ የከፋ ተማሪ በ90 ሴኮንድ ፈተና ጥሩ ውጤት ሊያገኝ ይችላል፤ ለአጭር ጊዜ መትጋት እስከ ቀኑ መጨረሻ መዝለቅ አይደለምና። ሐሳቡ የዘገየውም ድካም ላይሰማው ይችላል። በሌላ በኩል ማጣራት በሽታን መወሰን አይደለም። ዝቅተኛ ውጤት ከቅርብ ጊዜ አገርሽቶ፣ ከእይታ መድከም፣ ከእንቅልፍ እጦት፣ ከመንፈስ ጭንቀት፣ ከደም ማነስ ወይም ከታይሮይድ ዕጢ መዛባት ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ሳይመረመሩ ሁሉንም በመልቲፕል ስክለሮሲስ ማሳበብ ሁለተኛ ስሕተት ይሆናል።

አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን የሚያክም ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። የምልክቱ ፈተና ቋንቋ እምብዛም አይጠይቅም፤ ውጤቱ ግን በዕድሜና በትምህርት ከሚመሳሰሉ ወጣቶች ጋር መነጻጸር አለበት። መጠይቁ ላይ ችግሩ ይበረታል። «ድካም» የምንለው ቃል ዝለትንም፣ አቅም ማጣትንም፣ ልፋትንም ይይዛል። ስለዚህ «ይደክምሃል?» ከማለት «ተኝተህ ስትነሣ ዕረፍት አግኝተህ ነው? እስከ ስንተኛው ክፍለ ጊዜ ድረስ ትምህርቱን ትከታተላለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በአባትና በእናቱ ፊት በጨዋነት «ደኅና ነኝ» የሚለው ልጅም ለብቻው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ውጤቱ በመዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ጉድለት የታየበት ወጣት ወደ ሙሉ የአእምሮ ተግባር ምርመራ መላክ አለበት፤ ትምህርት ቤቱም ሊያውቅለት ይገባል። ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ በቀኑ መካከል ዕረፍት፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ ማስታወሻ፣ ቀዝቀዝ ያለ መቀመጫ ውድ መድኃኒቶች አይደሉም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ ለእንዲህ ያለው ድጋፍ መሠረት ሆኖአል። እንክብል ብቻ መፍትሔ አለመሆኑንም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቶአል፤ ለድካም የሚታዘዙት አማንታዲን፣ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት ከማስመሰያው እንክብል በልጠው አልተገኙም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ በየዓመቱ የአንድ ደቂቃ ተኩል ፈተናና የጥቂት ደቂቃዎች መጠይቅ፣ አንድን ወጣት ዕድሜውን ሙሉ ከሚከተለው ስም ሊያድነው ይችላል። «ሰነፍ» የሚለው ቃል በሐኪም መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ከመምህሩና ከወላጁ አፍም እንዲወጣ ማድረግ የሚቻለው በምርመራ የተገኘውን እውነት በጊዜው በመንገር ነው።