የጭላሎ መራጭና የመሬቱ ጥያቄ



ውክልና የሚለው ቃል በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ አንዱ ስለ ሌላው ቆሞ ይናገራል ማለት ነው። ቃሉ በአገር ምድር ላይ ሲፈተን ግን ማን ይመርጣል፣ ማንስ ይመረጣል፣ የተመረጠውስ የማንን ጉዳይ ይዞ ይሄዳል የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይከተሉታል። ለእነዚህ ጥያቄዎች ከአሰላ ከተማና በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ከተዘረጋው የስንዴና የገብስ አገር የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

አርሲ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከብዙ ውጊያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ ወዲህ፣ ከመሬቱ ከፍ ያለው ክፍል ለመኳንንት፣ ለሹማምንትና ለወታደር ተሰጠ። የአገሩ ሰው በገዛ ቀዬው ገባር፣ ቀጥሎም ጭሰኛ ሆነ። የኋላው የምርጫ ታሪክ የተሠራው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያውን አባላት መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ደነገገ። የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ። አገሪቱ በተቻለ መጠን 200,000 ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች እንድትከፈል፣ ከእያንዳንዱም ክልል ሁለት እንደራሴዎች እንዲላኩ፣ 30,000 ሕዝብ ያለው ከተማም ለብቻው እንዲወከል ወሰነ። አሰላ በዚያን ዘመን ከዚህ ቁጥር በታች ስለነበረች፣ የከተማው ነጋዴና መምህር የሚወከለው ከባላገሩ ጋር ሆነ።

21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መራጭ ሆነ። ለመመረጥ ግን 25 ዓመት መሙላት ብቻ አልበቃም፤ ዕጩው የክልሉ ነዋሪና በዚያው የንብረት ባለቤት መሆን ነበረበት። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። አብዛኛው ጭሰኛ ድምፅ ሰጪ ሆነ እንጂ በሕጉ ሚዛን ለእንደራሴነት አልበቃም። የፖለቲካ ፓርቲም ስላልነበረ ዕጩው የሚቆመው በሀብቱና በስሙ ነበር። በተጨማሪም ሕጎቹ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ አብዛኛው የአርሲ ገበሬ የሚነጋገረው በኦሮምኛ ነበር።

ከ1950 እስከ 1965 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ምርጫ ተካሄደ። በዚህ መካከል፣ በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛ ገበሬ ለማድረስ የታሰበው ይህ ሥራ የስንዴውን ምርት አበረከተ፤ ነገር ግን እርሻው ባተረፈ መጠን መሬቱ ተወደደ። ብዙ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ወይም ለባለትራክተር ማከራየት ስለተሻላቸው ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። ልማቱ ሊረዳው የተነሣው ገበሬ በልማቱ ምክንያት ከማሳው ወጣ።

መድኃኒቱ ሕግ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የባለመሬቱ ድርሻ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ እንዲደርስ ይፈቅድ ስለነበር፣ ኪራዩን የሚቀንስና ጭሰኛውን ከዘፈቀደ መባረር የሚጠብቅ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ለፓርላማ ቀረበ። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። ባለመሬት የበዛበት ምክር ቤት የባለመሬትን ጥቅም በሚነካ ሕግ ላይ እጁን አላነሣም። ጭሰኛው ድምፁን ሰጥቶ ነበር፤ ጉዳዩን የሚይዝለት ግን አላገኘም።

ፓርላማው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተበተነ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፣ የጭሰኝነትን ግንኙነት ሻረ፣ ገበሬውንም በማኅበር አደራጀ። የተመረጠው ምክር ቤት የነፈገውን ያልተመረጠ መንግሥት ሰጠ። ይህ ፍርድ በምርጫ ላይ ሳይሆን፣ የተመራጩን በር በንብረት በዘጋው ሕግ ላይ ነው። ያለ ውክልና የተሰጠ መብት ያለ ውክልና ሊነካ እንደሚችልም ቀጥለው የመጡት የኮታና የመንደር ምሥረታ ዓመታት ለገበሬው አሳዩት። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለ835ቱ የብሔራዊ ሸንጎ መቀመጫዎች ሲመረጥም የዕጩዎቹ ጥቆማ ከአንድ ፓርቲ ቁጥጥር አልወጣም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንብረቱን መሥፈርት አላስቀመጠም። በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሣት እንደሚችል ይገልጻል። ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 178ቱ የኦሮሚያ ሲሆኑ፣ የአርሲም ተወካዮች በእነዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሆኖም በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ዋና ዋናዎቹ የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ስላልተሳተፉ በብዙ የኦሮሚያ የምርጫ ክልሎች የገዥው ፓርቲ ዕጩዎች ያለ ጠንካራ ተፎካካሪ ቀርበዋል።

የጭላሎ ታሪክ ለሕግ ባለሙያ የሚተወው ትምህርት አንድ ነው። የምርጫ ሕግ ሲመረመር አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው ለመምረጥ የሚፈቅደው አንቀጽ ሳይሆን፣ ማን ሊመረጥ እንደሚችል የሚወስነው ነው። በሣጥኑ ውስጥ ወረቀት የሚያኖር እጅ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈሩት ስሞች የእርሱን ማሳ የማያውቁ ከሆኑ ግን፣ ገበሬው ድምፁን ሰጥቶ ጉዳዩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።