የወፍጮው ፍጥነትና የአህያው ጭነት
(ስለ ሳይንሳዊ ስሌት ፕሮሰሰሮች በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ውድድር ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ነጋዴዎች ፉክክር ቢመስልም፤ እኔ ከሰቆጣ ልጀምር እወዳለሁ።

ዋግ ኽምራን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፤ ከሰቆጣ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ተከዜ የሚወርድ መንገደኛ ከወይና ደጋው ወጥቶ ቆላ ይገባል። ዝናሙም እንደ መሬቱ ነው፤ አንዱ ሸንተረር ሲርስ ጎረቤቱ ደርቆ ይቀራል። በ1977 ዓ.ም. በዋግና በላስታ የደረሰው ረኀብ ዝናም ሲቀር ምን እንደሚሆን አስተምሮናል። ስለዚህ የዝናም ትንበያ ለዚያ አገር ገበሬ የቅንጦት ነገር አይደለም።

ትንበያ የሚሠራው አየሩን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ከፋፍሎ በማስላት ነው። የክፍሉ ጎን 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ተራራውና ሸለቆው አንድ ላይ ይደባለቃሉ። ወደ 5 ኪሎ ሜትር ብናወርደው ክፍሎቹ 16 እጥፍ ይበዛሉ፤ የሰዓቱም እርምጃ በዚያው ልክ ወደ አንድ አራተኛ ማጠር ስላለበት ሥራው 64 እጥፍ ይሆናል። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ስሌት 64 ሰዓት ፈጀ ማለት ነው። ከዘነበ በኋላ የሚደርስ ትንበያ ለገበሬው ምን ይበጀዋል?

እንግዲህ የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል? ኢንቴል በ1968፤ ኤ.ኤም.ዲ. በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋሙ ተፎካካሪዎች ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱም አዲስ ዕቃ አወጡ። የኢንቴል ዚኦን እስከ 28 ኮር ሲኖረው፤ በአንድ ትእዛዝ 8 ቁጥሮችን ያሰላ ነበር። የኤ.ኤም.ዲ. ኤፒክ እስከ 32 ኮር ነበረው፤ በአንድ ትእዛዝ ግን ከ4 ቁጥር አያልፍም፤ እርሱንም በሁለት ከፍሎ ነው። በወረቀት ላይ ዚኦን አሸናፊ ነው።

ነገር ግን ወደ ወፍጮ ቤት እንሂድ። ወፍጮው የቱንም ያህል ቢፈጥን፤ እህሉን የሚያመጡት አህዮች ጥቂት ከሆኑ ድንጋዩ ባዶውን ይዞራል። የፕሮሰሰር አህያ የሜሞሪው መስመር ነው። ዚኦን 6፤ ኤፒክ 8 መስመር ነበራቸው፤ ይህም በሴኮንድ 128 እና 170 ጊጋባይት ገደማ ነው። ሁለት ቁጥር አንብቦ፤ አንዱን አባዝቶና ደምሮ፤ ውጤቱን ለሚጽፍ ስሌት ለሁለት ሥራ 24 ባይት ይመላለሳል። ስለዚህ ዚኦን በሴኮንድ ከ11 ቢሊዮን፤ ኤፒክ ከ14 ቢሊዮን ሥራ ብዙ አያልፉም። ትልቁ ዚኦን ግን በወረቀት ላይ ከ1,000 ቢሊዮን በላይ ይችል ነበር! የአየር ትንበያ ስሌት በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው፤ ከእህሉ ይልቅ መንገዱ ያስቸግረዋል።

በትልልቆቹም ዘንድ ይኸው ታይቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፍሮንቲየር በሊንፓክ ፈተና 1,102 ፔታፍሎፕ ሲያስመዘግብ የጃፓኑ ፉጋኩ 442 ነበር። ሜሞሪን በሚያስጨንቀው በኤች.ፒ.ሲ.ጂ. ፈተና ግን ፉጋኩ 16፤ ፍሮንቲየር 14 ሆኑ። ፈተናው ሲለወጥ አሸናፊው ተለወጠ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ኤ.ኤም.ዲ. በ2022፤ ኢንቴልም በ2024 እ.ኤ.አ. ባለ 12 መስመር አውጥተዋል፤ ኤ.ኤም.ዲ.ም በአንድ ትእዛዝ 8 ቁጥር ማስላት ጀምሯል። የዕቃው ስም ይለዋወጣል፤ ደንቡ ግን አይለወጥም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ገብታችሁ በጥቂት ገንዘብ መሣሪያ እንድትመርጡ ስትጠየቁ፤ በሻጩ ወረቀት ላይ ያለውን ጊጋኸርዝ አትመኑ። የራሳችሁን ፕሮግራም ይዛችሁ ሂዱ፤ በሁለቱም ላይ አስኪዱት፤ ሰዓቱን፤ መብራቱንና ዋጋውን ለኩ። ለትንበያ የሚሆነውን መሣሪያ የሚፈትነው የሰቆጣ ዝናም እንጂ የነጋዴ ማስታወቂያ አይደለም።