ዳዋ፣ ጢሻና ደን



በሀዋሳ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች በአንዱ ተዳፋት ላይ ክትክታና አጋም ከሰው ወገብ ሳያልፉ ተጠላልፈው በቅለው ቢታዩ፣ ያንን መሬት ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ ሦስት ሰዎች በቀላሉ አይስማሙም። የመሬቱን ታሪክ የሚያውቀው ገበሬ «ዳዋ ነው» ይላል። ጥጃ የጠፋበት እረኛ «ጢሻ ነው» ይላል። የደን ባለሙያው ደግሞ ቁመቱንና ጥላውን ሳይለካ አይናገርም፤ ለክቶም በመዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው «ቁጥቋጦ» የሚለውን ቃል ነው። ሦስቱም አልተሳሳቱም። ነገር ግን ሦስቱ ቃላት አንድ ነገር አይናገሩም፤ በወረቀት ላይ የሚቀረው ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ የመሬቱን ዕድል ይወስናል።

ዳዋ ዛሬ በከተማ ሰው አንደበት እምብዛም የማይሰማ ቃል ነው። (በደቡብ ከሚፈሰው የዳዋ ወንዝ ስም ጋር ሊምታታ አይገባም።) ቃሉ የሚያመለክተው ማንኛውንም ዱር ሳይሆን በተለይ የሰው እጅ ከራቀው በኋላ ቅጠላ ቅጠልና እሾህ የወረሰውን ስፍራ ነው። «ርስቱ ዳዋ ለበሰ»፣ «አገሩን ዳዋ በላው» ሲባል ወራሽ መጥፋቱን፣ ሞፈር መሰቀሉን መናገር ነው። በዚህ አነጋገር ዳዋ ጥፋት ነው። የመነኮሳትን ተጋድሎ የሚተርኩ ሰዎች ግን ይህንኑ ቃል በተቃራኒው ያከብሩታል፤ ባሕታዊው ዳዋ ጥሶ፣ ጤዛ ልሶ የኖረ ነውና። ገዳም የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ አስቀድሞ ዱርንና ያልታረሰ ምድረ በዳን የሚያመለክት እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

ጢሻ ከዚህ ይለያል። ጢሻ የሚያሰኘው የመሬቱ ታሪክ ሳይሆን ጥግግቱ ነው፤ ሰውም አውሬም ሊሸሸግበት ካልቻለ ጢሻ አይባልም። ቁጥቋጦ ደግሞ ማነሱን ከማመልከቱም በላይ አቆጠቆጠ ከሚለው ግስ ጋር የተዛመደ በመሆኑ ተቆርጦ እንደገና ማቆጥቆጡን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ባለሙያው ቃሉን በንቀት ሲጽፈው እንኳ ሳያውቀው የመሬቱን ተስፋ ይመዘግባል።

የሌላው ዓለም ሕዝብም እንዲህ ላለው መሬት ልዩ ልዩ ስም አውጥቷል። ቻፓራል የሚባለው የካሊፎርኒያ ጢሻ ስሙን ያገኘው ድንክ የባሉጥ ዛፍን ከሚያመለክት የስፓንኛ ቃል ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይ ጋሪግ የሚባለውም እንዲሁ ከባሉጥ ዘር ጋር የተያያዘ ነው። ማኪ የሚባለው የሜዲትራኒያን ጢሻ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያ ለሸመቁት የፈረንሳይ አርበኞች መጠሪያ ሆኗል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ዱር ቤቴ ብለው የተዋጉትን አርበኞች ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ባሉጥ ግን በተፈጥሮ በአገራችን አይበቅልም፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም አብርሃም በመምሬ ያረፈበትን ዛፍ «የአድባር ዛፍ» ማለታቸው እጅግ የተዋጣ አተረጓጎም ነው።

ወደ ሙያው ጉዳይ ስንመለስ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ደን የሚለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 5 ሜትር የዛፍ ቁመትና 10 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለውን ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ስፋቱን እንዳለ ትታ ቁመቱን ወደ 2 ሜትር ዝቅ፣ ሽፋኑን ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረገች፤ ይኸው አተረጓጎም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ጸንቷል። ቁመቱ ዝቅ በማለቱ ከዚህ ቀደም ተንቆ የቀረው አጭር ዛፍ ወደ ደን መዝገብ ገባ። ሽፋኑ ከፍ በማለቱ ደግሞ ራቅ ራቅ ብሎ የቆመው ግራር ከመዝገቡ ሊወጣ ይችላል። በሕዝቡ ቋንቋ ቢነገር፣ አዲሱ መለኪያ ለጢሻ በሩን ሲከፍት ለገላጣው አጠበበበት ማለት ነው። ይህን በጎ እርምጃ አለማለት አይቻልም። ዳዋ ግን አሁንም ደጅ እንደ ቆመ ነው።

እርግጥ ነው፣ አተረጓጎሙ ወደፊት ወደዚያ መጠን ሊደርስ የሚችለውንም ዛፍ ይጨምራል። ሊደርስ የሚችለውን ከማይደርሰው የሚለየው ግን በአንድ ቀን የተነሣ የሳተላይት ምስል አይደለም። በየዓመቱ ለማገዶ የሚጨፈጨፍ ክትክታና ከሦስት ዓመት በፊት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ በሆነ መሬት ላይ ያለ ክትክታ ዛሬ ቁመታቸው እኩል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቀው መሬቱን ዳዋ ብሎ የጠራው ሰው ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል የሀዋሳን ተፋሰስ መመልከት ይበቃል። የከተማውን አካባቢ የሚጨምር፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ደን ሽፋን በ1972 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 16 በመቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ 2.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ከምሥራቁ ተራሮች የሚወርደው አፈር ጨለለቃን ሞልቶት፣ ያ ሐይቅ ረግረግ ሆኗል። የጨለለቃ ውሃ በጥቁር ውሃ ወንዝ አድርጎ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ በምድር ላይ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። እንግዲህ በተራራው ላይ አፈሩን ይዞ የቀረው ቁጥቋጦ ሲመነጠር ሒሳቡ የሚወራረደው በሐይቁ ውስጥ ነው።

ምንጣሮውን የሚያካሂደው ደግሞ ሁልጊዜ ገበሬው አይደለም። ለባሕር ዛፍ ወይም ለሌላ ችግኝ ጉድጓድ ለማዘጋጀት ሲባል ዳዋው ተነቅሎ፣ የተተከለው ችግኝ በበጋው ሲደርቅ ባዶ መሬት የሚቀርበት ጊዜ አለ። በትግራይ በተከለሉ ተዳፋቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ሲሆን ከገላጣው ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ የተሻለ መሆኑን አረጋግጠዋል። እሾሃማው ቁጥቋጦ ከፍየልም ይከላከልለታል። የደን ሞግዚት የሆነውን ነቅሎ ደን ለመትከል መነሣት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለአባላት ፍርድ የሚተው ነው።

ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የደን ባለሙያ የሚያሠለጥነው ወንዶ ገነት ለሀዋሳ ቅርብ ነው። በቆጠራ ቅጹ ላይ ከቁመትና ከሽፋን ዓምድ አጠገብ የአገሬው ሰው ለመሬቱ የሰጠው ስምና መሬቱ መጨረሻ የታረሰበት ዘመን የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ቢጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጥያቄው በሲዳምኛ ተናጋሪው ቀበሌ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛ ተናጋሪው በኦሮምኛ ሊቀርብ፣ መልሱም ወደ አማርኛ ሳይለወጥ እንደ ተነገረ ሊጻፍ ይገባዋል።